ለመከታ አንድ ማንኪያ

ከለገሀር ጀርባ፣ ካሮጌው መጋዘን
ሦስት ውሾች አሉ፤ አራተኛ እኔን
ብትቆጥሩ አይከፋኝ፤
በደመወዝ መዝገብ ከነሱ ቀጥሎ ነኝ።

ሻሼ፣ ዳመና፣ መከታ፤
ሲመሽ ሰንሰለቱ ካንገት ሲፈታ
አጥር ላጥር ዞረው ሌሊቱን ያነጋሉ፤
ያይጥን ኮሽታ ከሌባ ይለያሉ።

ራታቸውን የማመጣው ከተክለ ሃይማኖት፤
ከጥላዬ ሥጋ ቤት ሳንባና ማንቁርት፣
አንዳንዴም አጥንት፣ ሥጋው ያልለቀቀው፤
"ለሌሊት ዘቦቹ" ብሎ ነው የሚሰጠው።
በቆሎ ቅንጬ ላይ ጨምሬ፣ ቀቅዬ
አበላለሁ፤ ሦስት ሳህን፣ በየድርሻው ከፍዬ።

ግን ሁዳዴ ገባ።
ጥላዬ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ
ጉብሬ ተጓዘ፣ "ለፋሲካ" ብሎ።
ሰው ይጹም፣ መልካም ነው፤ ነፍስ አለው፣ ተስፋ አለው፤
ውሻን የትኛው ቄስ ንስሐ ግባ አለው?

ቅንጬ ብቻ ሆነ።
በሦስተኛው ሳምንት የመከታ ጠጉር
እንዳሮጌ መጥረጊያ ደርቆ ተንጨባረረ፤
አጥሩን ለሌባ ትቶ
የገዛ ጀርባውን በጥርሱ ሲጠብቅ አደረ።

ዶክተር ሐዊ መጣች። ጠጉሩን ገልጣ አየች፤
ጎንበስ እንዳለች "ቅባት አንሶታል" አለች።
"የተልባ ዘይት ስጠው፣ እሳት ያልነካው፣
ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው።
በግማሽ ማንኪያ ጀምር፤ ከሳምንት በኋላ አንድ።
አትቸኩል፣ ሆድ ነው፣ ከበዛ ይፈታል።
ቅንጬው ሲበርድ አድርግ።"

ወረቀቷን ይዤ ፎቅ ወጣሁ፣ ሒሳብ ክፍል።
አቶ ክንፈሚካኤል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
"ዘይት?" አለ። "ሰው ላንድ ሊትር ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣
ዘይት ለውሻ?"
እውነቱን ነው። እኔም ተሰልፌያለሁ።
"ደግሞስ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል" አለ፣
በቀይ እስክሪፕቶ መስመሩን እየሰረዘ።
"የኛዎቹ ባልበሉበትም ጮኸዋል፣ ጋሼ፤
ሽቦው የተቆረጠ ለት ጦማቸውን ነበር ያደሩት።"
ዝም አለ።
ቀዩ መስመርም ዝም አለ።

መርካቶ፣ ነስሩ ጋ። መጭመቂያው ሲያጓራ ግድግዳው ይርዳል፤
ፋጉሎ በጆንያ እስከ ጣራው ቆሟል።
"ተልባ?" አለኝ ነስሩ፣ "ለጨጓራህ ነው?"
"አዎ" አልኩ። ለምን እንዳፈርኩ አላውቀው።

ቤት አልጋ ሥር፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ብደብቀው
የእልፌ አፍንጫ አገኘው።
"ሽሮዬ በውሃ፣ ውሻህ በዘይት!"
ጠርሙሱን አምፖል ሥር አዘንብላ አየችው፣ ቀስ ብላ፤
ክዳኑን አጥብቃ መልሳ አስቀመጠችው።
"ስንት ማንኪያ ይወጣዋል?" አለች ኋላ።

ማንኪያው የኔ ነው፣ የሻይ ማማሰያ።
(ሰው አይስማ።)
ማታ ማታ፣ የቸርቸል ጎዳና መኪና ሲሳሳ፣
ለሱ ቅንጬው ላይ፣ ለኔ ድንቼ ላይ
ጠብ አደርጋለሁ ከዚያችው ጠርሙስ።
እሱ ጾም አያውቅም፤
እኔ ግን ዘንድሮ ብቻዬን አልጾምኩም።

ሆሳዕና ሲደርስ ጀርባው አበራ፤
የበልግ ካፊያ ከላዩ ላይ ይንከባለል ጀመር።

ፋሲካ መሽቶ ነበር ጥላዬ ሲመጣ፣
ቅልጥም ይዞ፣ መቅኔው ያልወጣ።
መከታ አሸተተው። ተወው።
ተቀምጦ እጄን አየ፤ ማንኪያውን ነው የፈለገው።
"ሞኝ" አልኩት፣ ቀዳሁለት፤
ገና አንዴ እንደላሰ
ካጥሩ ማዶ ቆርቆሮ ኮሽ አለ። አይጥ አልነበረም።
አጥንቱን መሬት ላይ፣ ማንኪያውን እጄ ላይ ትቶ
ሄደ።